ወፍ አለ፣ ስም የለም

የአዲስ አበባ ልጅ «ወፍ የለም!» ሲላችሁ ስለ ወፍ እየነገራችሁ አይደለም። ኪሱ ባዶ ነው፣ የጠየቃችሁት ነገር አይገኝም፣ ተስፋ አታድርጉ ማለቱ ነው። መቼም ቋንቋችን በወፍ አይታማም። ጎህ ሲቀድ «ወፍ ሲንጫጫ» ተነሣን እንላለን። ከላይ ከላዩ የታየ ጉዳይ «በወፍ በረር» የታየ ነው። ሳይዘሩት የበቀለው «ወፍ ዘራሽ» ነው። ልጆች ሳለን ትልልቆቹ እንዳይገባቸው የምንንሾካሾክበት «የወፍ ቋንቋ» ነበረን። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ «የመስቀል ወፍ» ነው። ሰው ካደገበት አይወጣም ለማለት ደግሞ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወፍ አፋችን ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ አጥሩ ላይ ያረፈችውን ትንሽ ወፍ እያሳየ «ስሟ ማን ነው?» ብሎ ልጅ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «ወፍ ናት!» እሱንማ ልጁም አውቋል።

ትልልቆቹን በስም እንጠራለን። ንስር፣ ጭልፊት፣ ጆፌ አሞራ፣ ቁራ፣ እርግብ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ሰጎን። የምንበላውን፣ ጫጩታችንን የሚበላብንን፣ ጥንብ የሚያነሣልንን ስም ሰጥተነዋል። ከእፍኝ የማትሞላዋ ስትመጣ ግን ወይ «ድንቢጥ» ወይ ባጭሩ «ወፍ» ብለን እናልፋለን። አገራችን ውስጥ ደግሞ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ እነዚሁ ትንንሾቹ ዘማሪዎች ናቸው።

ይህን ስል ገበሬው አያውቅም ማለቴ አይደለም። ወፍ ጠባቂ ሆኖ ያደገ ሰው፣ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፉን ሲያጮኽ የዋለ ሰው፣ የትኛዋ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ፣ የትኛዋ ብቻዋን እንደምትበላና የትኛዋ መንጋ ጠርታ እንደምትመጣ ያውቃል። ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር የሚያስረዳው እሱ ነው። ሰው ለሚያስርበው ነገር ዓይኑ ክፍት ነው። ችግሩ ይህ እውቀት ከማማው አልወረደም። ቄሱ አልጻፈው፣ መምህሩ አላስተማረው፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ ገባን ያልን ሰዎችም አልጠየቅነው። አማርኛው ብቻም አይደለም። ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ አፋርኛው፣ ሲዳምኛው፣ እያንዳንዱ ለወንዙና ለጫካው ወፎች የራሱ ስሞች አሉት። አብዛኞቹ ዛሬም ያሉት በሰው አፍ ላይ ነው።

ሳይቀርቡ ማወቅ ምን እንደሚመስል ለማየት የመስቀል ወፍን እንውሰድ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የለበሰች ትንሽ ወፍ ሣሩ ላይ ስትነጥር ትታያለች። መስቀል አልፎ ጥቂት ወራት ሲቆጠሩ የለችም። ስለዚህ የሩቅ አገር እንግዳ፣ ቀጠሮ አክባሪ መንገደኛ አድርገን ይዘናታል። እውነቱ ሌላ ነው። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች መካከል ቀይና ጥቁር የሚለብሱት ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገር ናቸው። በበጋ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዥንጉርጉር ለብሰው፣ ከሌላው የድንቢጥ መንጋ ተቀላቅለው ፍሬ ይለቅማሉ። ዝናቡ ሲመጣና የጎጆ ጊዜ ሲደርስ ላባቸውን ይቀይራሉ። የጠፋችው ወፍ የትም አልሄደችም፣ የክት ልብሷን አውልቃ ነው። እንግዲህ በዓመት አንዴ ብቅ የምንለው እኛ ነን።

ትንሿን ወፍ ተከታትሎ፣ ከእህቷ ለይቶ፣ ስም አውጥቶ በጽሑፍ ያሰፈረው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። የመጣው ደግሞ ወንዝ ተከትሎ ነው። የያዘውም ጠመንጃ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ የደረሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ፣ ጣሊያናዊ ሠዓሊ፣ ወደ አገራችን አብሮት መጥቶ ነበር። ዕፅዋቱንና ወፎቹን እያየ በቀለም ያስቀር የነበረው እሱ ነው። ባሉጋኒ በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባለአምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያሳትም የዚያን ሠዓሊ ድርሻ እጅግ አሳንሶ አቀረበው። ስም ማጣት ለካ የወፍ ዕጣ ብቻ አይደለም።

ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። በ1809 እና በ1810 እ.ኤ.አ. በትግራይ ተጉዞ ተከዜ ድረስ ዘለቀ። በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከዚህ የወሰዳቸው ወፎች ተዘርዝረው ወጡ። ከእነሱ መካከል አንዲት የአበባ ማር የምትመጥ ትንሽ ወፍ በወንዙ ስም ተሰየመች። ሳይንሳዊ ስሟ ዛሬም «ኔክታሪኒያ ታካዜ» ነው። ተከዜ በቅርብ ዓመታት፣ በተለይም ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት፣ ስሙ የተነሣው በወሰንና በሬሳ ነበር። በዚያው ስም የምትጠራ፣ ከእሬት አበባ ወደ እሬት አበባ የምትል ወይን ጠጅ ወፍ መኖሯን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዓለም ግን ከ200 ዓመታት በላይ በዚህ ስም ሲጠራት ኖሯል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜን ተራሮችንና ጎንደርን አዳርሶ የሰበሰበውን ለፍራንክፈርት ሙዚየም አስረከበ። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ፣ ልጥ ማረፊያ ላይ በሰጡት ቦታ የምርምር ጣቢያ አቁሞ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ድረስ ወፍ ሲሰበስብ ኖረ። የእሱ ስብስብ የሄደው ወደ ጄኖቫ ነው። በወፍ መጻሕፍት ውስጥ «የሩፔል» እና «የሳልቫዶሪ» እየተባሉ የሚጠሩ የእኛ ወፎች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሳልቫዶሪ አንቲኖሪ የላከውን እያየ፣ እዚያው ጣሊያን ተቀምጦ ይጽፍ የነበረው ሊቅ ነው።

ለምን ጠመንጃ? ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። በዚያ ዘመን ትንሽ ወፍ ማየት ማለት መግደል ነበር። አሥር ግራም የማትሞላ፣ አንድ ቅጠል ላይ ለሁለት ሰከንድ የማትቀመጥ ፍጥረትን በባዶ ዓይን እንዴት አድርጎ ከእህቷ መለየት ይቻላል? ስለዚህ በደቃቅ እርሳስ ይመቷታል። ቆዳዋን ከነላባዋ ገፈው፣ ነቀዝ እንዳይበላው አርሴኒክ ቀብተው፣ ውስጡን በጥጥ ይሞሉታል። እግሯ ላይ ትንሽ ወረቀት ያስራሉ። ቀን፣ ቦታ፣ የሰብሳቢው ስም። ወፏን ከየት ዛፍ እንደምትገኝ ያሳየው እረኛ፣ ሳጥኑን የተሸከመው ሰው፣ «ይቺማ እኛ ዘንድ እንዲህ ትባላለች» ያለችው ሴት በዚያች ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ቦታ የላቸውም። አሜሪካኖች የወፍ ጥበቃ ማኅበራቸውን በስሙ የጠሩት ጆን ጄምስ ኦዱቦን እንኳ የሣላቸውን ወፎች ገድሎ፣ በሽቦ አቁሞ ነው ያነጣጠረባቸው፤ መጀመሪያ በጥይት፣ ቀጥሎ በቀለም።

ካሜራው ቀድሞ ነበር፤ ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ያውቀዋል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች አንድን ምስል ለማስቀረት ደቂቃዎች ይፈጁ ነበር። ተራራ ይታገሣል፣ ሬሳ ይታገሣል፣ ንጉሥም ከፈለገ ይታገሣል። ወፍ አትታገሥም። በ1882 እ.ኤ.አ. ኤቲዬን ዡል ማሬ የሚባል ፈረንሳዊ የሰውነት አካላት አሠራር ተመራማሪ ችግሩን በሚገርም መሣሪያ ፈታው። አፈሙዝ ያለው፣ ሰደፍ ያለው፣ ቃታ ያለው ካሜራ ሠራ። ወደሚበር ወፍ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስብ በሰከንድ 12 ምስል ያስቀራል። ወፉ በሰላም መንገዱን ይቀጥላል። በታሪክ ውስጥ ጠመንጃ ሆኖ ማንንም ያልገደለ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ደግሞ በ1892 እ.ኤ.አ. የወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ ፎቶ አንሥተው፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ሥዕሉ ሁሉ ፎቶግራፍ የሆነ የወፍ ጎጆዎች መጽሐፍ አሳተሙ። ወፎቹ እንዳይሸሹ ብለው ያልሆኑት ነገር የለም። ከበሬ ቆዳ ባዶ በሬ ሠርተው አንደኛው ከነካሜራው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። አሜሪካ ውስጥም ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የአዕዋፍ ሊቅ ነበር። አገሩ በገና ዕለት «ማን ብዙ ገደለ» ብሎ አደን የሚወዳደርበት ልማድ ነበረው። ቻፕማን በ1900 እ.ኤ.አ. ገና «አንግደል፣ እንቁጠር» አለ። በዚያ ቀን የቆጠሩት 27 ሰዎች ነበሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሡኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ፎቶ ሲያነሣ የሚጠቀምበት ግስ ጠመንጃ ሲተኩስ የሚጠቀምበት ራሱ ነው። ታሪኩን ግሱ ተሸክሞት ይኖራል። እኛ ግን «ፎቶ ተኮስኩ» አንልም፣ «አነሣሁ» እንላለን። ማንሣት ደግሞ የወደቀን ነው፣ የሚያለቅስ ሕፃንን ነው፣ የተረሳ ጉዳይን ነው። ከሁሉም በላይ «ክርስትና አነሣሁ» የሚለው አለ። ክርስትና ያነሣ ሰው ሕፃኑን ታቅፎ ይቆማል፣ ስም ሲወጣለት ምስክር ይሆናል፣ ከዚያ በኋላም ተጠያቂነት አለበት። ካሜራው ሲመጣ ይህን ቃል ያዋሱት አባቶቻችን ስለ ወፍ እያሰቡ አልነበረም። ቃሉ ግን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለወፍ ይስማማል።

ከጠመንጃው ዘመን ወደ ካሜራው ዘመን ስንሻገር መሐል ላይ ቆሞ የሚታየኝ አንድ ሰው አለ፤ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ። የኢታካ፣ ኒውዮርክ ሰው ነው። በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ እንደሱ ወፍ የሚሥል አልነበረም ይባላል። በ1926 እ.ኤ.አ. የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ በጋራ ወደ ኢትዮጵያ ቡድን ሲልኩ እሱም አብሮ መጣ። መሪያቸው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገብተው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ ካገኙ በኋላ በበቅሎ ደቡቡን፣ ቀጥሎም ጎጃምን፣ ጎንደርንና ስሜንን አዳርሰው በ1927 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወጡ። ካሜራም ነበራቸው፤ አልፍሬድ ቤይሊ የሚባለው ባልደረባቸው ያነሣ ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ፊልም ጥቁርና ነጭ፣ በዚያ ላይ ቀርፋፋ ነው። የወፏን ቀለም ለዓለም ማሳየት የሚችለው አሁንም የሰው እጅ ነበር።

ፉዌርቴስም ወፎቹን የሚያገኘው በጥይት ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ወፍ ስትሞት ላባዋ ቀለሙን ለረዥም ጊዜ ይዞ ይቆያል። የዓይኗ፣ የመንቁሯ መሠረትና የእግሯ ቀለም ግን ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ድካሙን ሳይል፣ ድንኳኑ ሳይተከል፣ እጁ ላይ ሳትቀዘቅዝ ይሥላታል። ሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ወፎች የሚያዩን የሚመስሉት ለዚህ ነው። ከመቶ በላይ የውኃ ቀለም ሥዕሎች ይዞ አገሩ ገባ። በነሐሴ ወር 1927 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን፣ ለዚያው ለገና ቆጠራው ሰው፣ አሳይቶ ሲመለስ መኪናው የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። ሰውየው ሞተ። ከመኪናው ተወርውረው የወደቁት ሥዕሎች ምንም ሳይሆኑ ተገኙ። ከእነሱም የተመረጡት በ1930 እ.ኤ.አ. «የአቢሲኒያ ወፎችና አጥቢ እንስሳት አልበም» ተብለው ታተሙ። ስንቱን ወፍ ከነዓይኗ ያተረፈ ሰው እንዲህ ሆኖ ቀረ። የእኛ አገር ወፎች ግን በእሱ እጅ ዛሬም አሉ፤ ቺካጎ ውስጥ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ትንሿን ወፍ በቀለም፣ በሰከንድ ሽራፊ፣ ሳይገድሉ ማስቀረት የሚችል ካሜራ አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ይገኛል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የግጥም ኮርስ በ«ሲ» ያለፈ፣ አሁን ግን ቅዳሜ ጠዋት ከማንም ገጣሚ በፊት የሚነሣ። ባለፈው ኅዳር ወደ ላይኛው ቀበና ይዞኝ ወጣ። ወንዙ ከእንጦጦ ገና መውረዱ ነው፣ እዚያ ላይ ውኃው ውኃ ይመስላል። ዝቅ ባልን ቁጥር ፌስታሉ፣ ያረጀ ጫማው፣ ሽታው እየበዛ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አመድማ የሆነች ወፍ ጭራዋን ሳታቋርጥ ትቆላለች። «ይቺ እንግዳ ናት ጋሼ፤ በመጋቢት ትሄዳለች» አለኝ። ፌስታል ላይ ቆማ ትንኝ ትለቅማለች።

ከዚያ የእሬት አበባ ያለበት አጥር ጥግ ቁጭ አልን። ወፍ ማንሣት ማለት ለካ መቀመጥ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ቀጥሎ አንዲት ጥቁር ወፍ መጣች፣ ጭራዋ መሐል ሁለት ረዣዥም ላባ ያላት። «ጥቁር ናት» አልኩት። «ይጠብቁ» አለኝ። ፀሐይዋ ከደመና ስትወጣ ወፏ አንገቷን አዞረች። ጥቁሩ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ራሷ ላይ ያለው ወደ ነሐስና አረንጓዴ ዞረ፣ እንደገና ጠቆረ። ቀለሙ ከላባው አሠራርና ከብርሃኑ አቅጣጫ የሚመጣ ነው፤ በቆሙበት ቦታ ይለያያል። የተከዜዋ ወፍ፣ ቀበና ዳር።

በዚህ መሐል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ዱላውን ይዞ መጣ። «ፈቃድ አላችሁ? ምንድን ነው የምታነሡት?» አለ። «ወፍ» አልነው። «ወፍ?» ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ አየን። ሽበቴ ባይኖር ኖሮ የት እንደምናድር እግዜር ይወቀው። ተማሪዬ የካሜራውን መስታወት አሳየው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይቺማ እኛ አገርም አለች!» አለ። «እናቴ በስም ነው የምትጠራት። አበባው ላይ ስትመጣ እያየች...» ቆመ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ምን ነበር የምትላት? ረሳሁት።»

ሲሄድም እያሰበ ሄደ። ይህን ያህል ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ የጠፋ ቃል አይቻለሁ፤ ዓይኔ እያየ ሲጠፋ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። የልጅየው ካሜራ የወፏን እያንዳንዱን ላባ ይዞ ቀርቷል። ስሟን ሊይዝ አይችልም።

አንዳንድ ሰው «ስም ምን ይሠራል? ወፏ እንደሆነች ትኖራለች» ይላል። አትኖርም። ስም የሌለውን ነገር መቅረቱን ማን ያስተውላል? ዋልያ ቢያልቅ አገር ይጮኻል፤ ስሙ በኳስ ቡድናችን ላይ ሳይቀር አለ። ከወንዝ ዳር አንዲት ቡናማ ወፍ ብትጠፋ ግን ማን ምን ብሎ ይጮኻል? ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከተማው የደፋውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ሥራ የከተማችን ወንዞች ሊጸዱ እንደሚገባ በይፋ መነገሩን አሳይቷል። ደግ ነው። ነገር ግን ዳርቻው ሲያምር ቁጥቋጦው አብሮ ከተመነጠረ፣ ወንዙ ጸድቶ ነዋሪዎቹ ይሰደዳሉ። ለሰው ዓይን ያማረ ሣርና ለወፍ ጎጆ የሚሆን ጥሻ አንድ አይደሉም። ይህን የሚነግረን ወፏን በስሟ የሚያውቅ ሰው ነው።

ፎቶውም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። አንዲት ምሳሌ ልጥቀስ። አውሮፓ ውስጥ በወንዝና በቦይ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትራባ፣ 12 ግራም ገደማ የምትመዝን ቡናማ ዘማሪ ወፍ አለች። የረግረግ ዘማሪ እንበላት። በፎቶ ከዘመዶቿ መለየት ለሊቃውንቱም ያስቸግራል። በድምጿ ግን ትታወቃለች፤ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየለቀመች ትቀጣጥላለች። ፍራንሷዝ ዳውሴት ለሜር የተባሉ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቤልጂየም ውስጥ የቀረጹትን የእነዚህን ወፎች ዜማ እየፈቱ ከ200 በላይ ዝርያዎችን ድምፅ ለዩ። ከእነዚህ 113ቱ የአፍሪካ ወፎች ነበሩ። ወፏ አውሮፓ ተፈልፍላ፣ ወደ ደቡብ ስትጓዝ ኢትዮጵያና ሱዳን ላይ ሳምንታት ትቆያለች። ከዚያ እስከ ደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ትዘልቃለች። በየደረሰችበት ያገሬውን ዜማ ታጠናለች። በሚቀጥለው ግንቦት ቤልጂየም ውስጥ የምትዘፍነው ይህን ሁሉ ቀላቅላ ነው።

እንግዲህ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ያልነው ተረት እዚህ ላይ ጎደለ። ይቺ ወፍ እንደ አገሮቿ ነው የምትጮኸው። ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤልጂየም ውስጥ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ «ይህ ድምፅ የአፍሪካዋ የእገሊት ወፍ ነው» ማለት የቻለ ሰው ተገኝቷል። እዚሁ ወንዛችን ዳር፣ ዜማው የተጠናበት ቦታ ላይ ያለን ሰዎች ዋናዋን ዘፋኝ እንኳ በስሟ አንጠራትም።

ተስፋ የለም ለማለት አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ወጣት አስጎብኚዎቻችን የላቲኑንም የእንግሊዝኛውንም ስም እንደ ውኃ ይጠጡታል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ላቦራቶሪና የኦዱቦን ማኅበር በከፈቱት «ኢበርድ» በተባለው መዝገብ ላይ ማንም ሰው ያየውን ወፍ ከነቀኑ፣ ከነቦታው፣ ከነፎቶው ማስመዝገብ ይችላል። ኮርኔል ያለው የት መሰላችሁ? ኢታካ፣ የፉዌርቴስ ከተማ። በእግር ላይ ትታሰር የነበረችው ወረቀት ዛሬ ወፏን ሳትነካ ትጻፋለች። ከዚያች ወረቀት ላይ የቀረው የአገሬው ሰው ስም ግን ገና አልገባም።

ካሜራ ለያዛችሁ ልጆች ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። አንደኛው ጥንቃቄ ነው። ጎጆ ላይ አትቅረቡ። ወፏን ለመጥራት የቀረጻችሁትን ድምፅ በስልክ ደጋግማችሁ አታሰሙ። ግዛቷን ሊቀማ የመጣ ባላንጣ መስሏት ስትሟገት ትውላለች፤ ልጆቿን የምትመግብበት ጊዜ ያልፋል። ሳይገድሉ መጉዳትም አለ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ፎቶውን ካነሣችሁ በኋላ ወደ መኪናችሁ አትሩጡ። በአካባቢው ያለውን እረኛ፣ ውኃ የምትቀዳዋን ሴት፣ ማማ ላይ የተሰቀለውን ልጅ አሳዩአቸው። «እናንተ ዘንድ ምን ትባላለች?» በሏቸው። በየትኛውም ቋንቋ ይንገሯችሁ፣ ከፎቶው ሥር ጻፉት፤ የቀበሌውን ስም፣ ከፈቀዱላችሁም የነጋሪውን ስም ጨምሩበት። የላቲኑ ስም የትም አይሄድም፣ 200 ዓመት ቆይቷል። የሚቸኩለው የእናቶቻችን ነው። ክርስትና ያነሣ ሰው ስሙን ሳይሰማ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም።